ጦሳ የተኛ እሳተ ገሞራ ነውን? ስለ እሳተ ገሞራ ዓይነቶችና አፈጣጠር

መምህር ዘደሴ (ጥያቄ አቅራቢ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በደሴ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በአፋር የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ከፈነዳ ወዲህ ተማሪዎቼ ስለ እሳተ ገሞራ የሚያነሡት ጥያቄ በዝቷል። ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ግን «ከተማችን የተጠጋችው የጦሳ ተራራ ራሱ የተኛ እሳተ ገሞራ አይደለም ወይ?» የሚለው ነው። የምንረግጠው ድንጋይ ሁሉ ከእሳት የወጣ መሆኑን የነገርናቸው እኛው ስለሆንን ጥያቄው ተገቢ ነው።

ችግሬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በሰሌዳ ላይ ዘወትር ከምንሥላቸው ሦስት ተራሮች፣ ማለትም ከጋሻ መሰሉ፣ ከድርብርቡና ከጠጠር ክምሩ፣ አንዳቸውም የጦሳን መልክ አይመስሉም። ሁለተኛ፣ ጋሻ መሰል እሳተ ገሞራ ቀጭን ላቫ እያፈሰሰ በዝግታ የሚያድግ ነው ብለን ስናስተምር ኖረን፣ ከዚሁ ወገን የሚመደበው ሃይሊ ጉቢ አመዱን ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ አጉኖ እስከ የመን፣ ኦማን፣ ፓኪስታንና ሰሜን ህንድ አደረሰው። በሙያው ያላችሁ ይህን አለመጣጣም ብታብራሩልን ለብዙ ተማሪ ይጠቅማል።

ሐረጎ (ደሴ፣ የሥነ ምድር ባለሙያ)

መምህር፣ እግዜር ይስጥልን፤ ከጦሳ ልጀምር። ጦሳ የተኛ እሳተ ገሞራ አይደለም፤ ነቅቶ አያውቅምና። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከራሱ አናት በወጣ ላቫ የተከመረ ተራራ ሳይሆን፣ ከረጃጅም ስንጥቆች ወጥቶ አገር ምድሩን ያለበሰ የላቫ ንጣፍ በኋላ ሲሰበር የቀረ ጠርዝ ነው።

ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ኢትዮጵያና የመን ገና በባሕር ሳይለያዩ፣ ከጥልቅ የተነሣ እጅግ የጋለ የማንትል (ከምድር ቅርፊት በታች ያለው አለት) ዓምድ ከቅርፊቱ ሥር ደርሶ መሬቱን ወጠረው፤ ሰነጠቀውም። በስንጥቆቹ የወጣው ባዛልት፣ ማለትም ጥቁሩ ድንጋይ፣ አንዱ ንጣፍ በሌላው ላይ እየተነባበረ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 2 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ውፍረት ያዘ። አብዛኛው የወጣው በ1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ሲሆን፣ ይህ በሥነ ምድር አቆጣጠር እጅግ አጭር ጊዜ ነው። በሙያው የጎርፍ ባዛልት ይባላል፤ በመጠን ሲለካም በሰሌዳዎ ላይ ያሉት ሦስቱ ዓይነቶች አጠገቡ አይደርሱም።

ከዚያ በኋላ አፋር መስጠም ሲጀምር ምዕራባዊው ዳርቻ ደረጃ በደረጃ ተሰባበረ። ከደሴ ተነሥተን የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ከ2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 1,850 ሜትር አካባቢ ዝቅ የምንለው በዚህ በተሰበረ ዳርቻ ላይ ነው፤ የቦርከና ሸለቆም በሁለት ስብራቶች መካከል የሰጠመ መሬት ነው። ጠዋት ፀሐይ የጦሳን ገደል ፊት ለፊት ስትመታው ተማሪዎችዎን ይዘው ቢወጡ አግድም የተሰመሩ ደረጃዎችን ያያሉ። የእያንዳንዱ ላቫ ጠንካራ መካከለኛ ክፍል ገደል ሆኖ ይቆማል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የበሰበሰው ክፍል ደግሞ ተዳፋት ሆኖ ሣር ያበቅላል። ስለዚህ በሰሌዳው ላይ ተራራ የሌለው እሳተ ገሞራ አራተኛ ሥዕል ሆኖ ይጨመር።

የሃይሊ ጉቢን ጉዳይ እመለስበታለሁ፤ እሱ ብዙ ቃል ይፈልጋል።

የኮምቦልቻ ግንበኛ

ወንድም ሐረጎ፣ እኔ የተማርኩት ግንበኝነት እንጂ ሥነ ምድር አይደለም፤ ነገር ግን ጥቁር ድንጋይ ስፈልጥ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። ለመሠረት የምንመርጠው ድፍኑን፣ በመዶሻ ሲመታ የሚጮኸውን ነው። ከዚያው ካባ የሚወጣ ሌላ ድንጋይ ግን ብስክስክ ሆኖ፣ ቀዳዳዎቹ በነጭ ነገር ተደፍነው ይገኛሉ። አንዳንዱ ነጭ ሲፈለጥ ከመሐል ወደ ዳር የተበተነ የመርፌ ዘለላ ይመስላል፤ ሌላው ደግሞ በጥፍር እንኳ ይጫራል። እንዲህ ያለውን ድንጋይ ውሃ ስለሚያስገባ እንጥለዋለን። አንድ ካባ ውስጥ ሁለት ዓይነት ድንጋይ የሚገኘው ስለምንድን ነው?

ሐረጎ

ድንጋዩ አንድ ነው፤ የተለየው ቦታው ነው። ቅልጥ አለት በጥልቅ ሳለ በግፊት የታመቀ የውሃ እንፋሎት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የድኝ ጋዝ በውስጡ ሟሙቶ ይዟል። ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ ጋዙ አረፋ ሆኖ ይለያል፤ አረፋው ወደ ንጣፉ አናት ሲንሳፈፍ ላቫው ይረጋና ቀዳዳው እንዳለ ይቀራል። እርስዎ የሚመርጡት ድፍን ድንጋይ ከንጣፉ መሐል፣ የሚጥሉት ደግሞ ከአናቱ የመጣ ነው። ነጩ ነገር ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ በድንጋዩ ውስጥ ሲዘዋወር የኖረ ሙቅ ውሃ ያስቀመጠው ማዕድን ነው፤ መርፌ መሳዩ ዚዮላይት ከሚባሉት ወገን ሲሆን፣ ሌላው ብዙ ጊዜ ካልሳይት ነው። ቀዳዳዎቹ ሞላላ ሆነው ወደ አንድ አቅጣጫ ካዘነበሉም ላቫው ወዴት ይፈስ እንደነበር ያመለክታሉ።

የመምህሩ ሁለተኛ ጥያቄ መልስም ከዚሁ አረፋ ይጀምራል። የእሳተ ገሞራን ጠባይ የሚወስነው በዋነኛነት የቅልጥ አለቱ ውፍረትና በውስጡ ያለው ጋዝ ነው፤ ውፍረቱን ደግሞ ሲሊካ የሚባለው ንጥረ ነገር ይወስነዋል። ባዛልት ግማሽ ያህሉ ሲሊካ ነው፤ በ1,100 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ሲወጣ ቀጭን ስለሆነ አረፋው ያለ ችግር ያመልጣል። ራዮላይት የሚባለው ቅልጥ አለት ግን ሲሊካው ከ70 በመቶ ያልፋል፣ ሙቀቱም ከ700 እስከ 900 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ዝልግልግ ነው። ውሃ ሲፈላ አረፋው ዝም ብሎ ይወጣል፤ ገንፎ ሲንተከተክ ግን እንፋሎቱ ታፍኖ ይቆይና ድንገት ፈንድቶ የምታማስለውን ሴት እጅ ያቃጥላል። ወፍራም ቅልጥ አለትም እንዲሁ ራሱን በራሱ በጣጥሶ አመድና ፑሚስ (ቀዳዳማ ቀላል ድንጋይ) ሆኖ ይወጣል።

እንግዲህ ቅርጾቹ ከዚህ ይመጣሉ። ቀጭኑ ባዛልት ሩቅ ስለሚፈስ ሰፊና ዝቅተኛ ተዳፋት ያለው ጋሻ መሰል ተራራ ይሠራል፤ ኤርታ አሌ ከፍታው 613 ሜትር ብቻ ሆኖ ሳለ ብዙ አሥር ኪሎ ሜትር ተንሰራፍቶ መተኛቱ ለዚህ ነው። ወፍራሙ ከጉድጓዱ ርቆ ስለማይሄድ አንድ ጊዜ ላቫ፣ አንድ ጊዜ አመድ እየተነባበረ ቀጥ ያለ ድርብርብ ተራራ ይሆናል። ጋዝ የበዛበት ባዛልት እንደ ፏፏቴ ወደ ላይ ሲረጭ፣ በአየር ላይ የሚረጋው ቀዳዳማ ጠጠር በአፉ ዙሪያ ወድቆ ትንሽ ሾጣጣ ክምር ይሠራል። የዚህ ዓይነቱ እድሜ አጭር ነው፤ በሜክሲኮ ፓሪኩቲን የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1943 ከአንድ ገበሬ የበቆሎ ማሳ ውስጥ ወጥቶ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከ300 ሜትር በላይ አድጎ፣ በ1952 ጸጥ ብሏል።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ (ደሴ)

ጋሼ ሐረጎ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ማንትል ጠጣር አለት ነው ተብለን ተምረናል። ከሥራችን የቀለጠ ባሕር ከሌለ ይህ ሁሉ ቅልጥ አለት ከየት ይመጣል?

አንባቢ ከወረኢሉ መንገድ

ለተማሪው እኔ ልመልስ፤ ባለሙያው ያርመኝ። ማንትል በእርግጥ ጠጣር ነው። በጣም የጋለ ቢሆንም እንዳይቀልጥ የሚያደርገው ከላዩ ያለው የአለት ክብደት ነው። ስለዚህ ለማቅለጥ የግድ እሳት መጨመር አያስፈልግም፤ ክብደቱን መቀነስ ይበቃል። የመሬት ንጣፎች በሚለያዩበት ስፍራ ቅርፊቱ ስለሚሳሳ ከሥር ያለው ማንትል ወደ ላይ ይነሣል፤ ግፊቱ ሲቀልለት ከፊሉ ይቀልጣል። የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዐረቢያ ንጣፎች በአፋር ላይ ሦስት ማዕዘን ሠርተው እየተለያዩ ስለሆነ የእኛ አገር እሳተ ገሞራ በዋናነት ከዚህ ይመደባል።

ሁለተኛው መንገድ በጃፓን፣ በኢንዶኔዥያና በአንዲስ ተራሮች የሚታየው ነው። በዚያ የውቅያኖስ ወለል ከሌላ ንጣፍ ሥር ጠልቆ ይገባል፤ ይዞት የሚገባው ውሃ በሙቀት ተጨምቆ ወደ ማንትሉ ሲወጣ የአለቱን የመቅለጫ ሙቀት ዝቅ ያደርገዋል። ውሃ ያለበት ቅልጥ አለት ጋዙ ብዙ ስለሆነ ፍንዳታውም የከፋ ነው። ሦስተኛው ከጥልቅ የሚነሣ የጋለ ዓምድ ነው፤ በዚህ ዓይነት ከንጣፍ ዳርቻ ርቀው መሐል ውቅያኖስ ላይ የተሠሩት የሃዋይ ደሴቶች ናቸው። እኛ ዘንድ ዓምዱም መለያየቱም ተደርበዋል።

ጠያቂ ከኮምቦልቻ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ግን አንድ ያልተዋጠልኝ ነገር አለ። በዚህ አመዳደብ ከሄድን ድርብርብና ፈንጂ ተራራ ንጣፍ ከንጣፍ ሥር በሚገባበት አገር ብቻ መገኘት ነበረበት። 5,895 ሜትር የሚደርሰው ኪሊማንጃሮ ድርብርብ ነው፤ በአጠገቡ ጠልቆ የሚገባ ንጣፍ የለም። መተሐራ አጠገብ ያለው ፈንታሌም፣ ሰኔ 2003 ዓ.ም. በኤርትራ የፈነዳው ናብሮም ድርብርብ ተብለው የሚመደቡ ናቸው። እንዲህ ከሆነ አመዳደቡ ምን ይረባል?

ሐረጎ

ይህ የውይይታችን ዋና ጥያቄ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

በስምጥ ሸለቆ ከማንትል የሚወጣው ባዛልት ነው። ነገር ግን ሁሉም በቀጥታ ወደ ላይ አይደርስም፤ ከፊሉ በቅርፊቱ ውስጥ ጥቂት ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ተከማችቶ በዝግታ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚረጉት ብረትና ማግኒዥየም የበዛባቸው፣ ሲሊካቸው አነስተኛ የሆነ ማዕድናት ናቸው፤ እነዚህ ወደ ታች ሲዘቅጡ የሚተርፈው ፈሳሽ ሲሊካው እየበዛ ይሄዳል። የቅርፊቱ አለትም አብሮ እየቀለጠ ሊቀላቀልበት ይችላል። በዚህ መንገድ ከዚያው ከባዛልት ራዮላይት ይወለዳል፤ ጋዙም ቦታ ስላጣ በቀረው ፈሳሽ ውስጥ ይጠራቀማል። እንግዲህ ድርብርብና ፈንጂ ተራራ ለመሥራት ጠልቆ የሚገባ ንጣፍ ግድ አይደለም፤ ጊዜ ይበቃል።

መስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ የሆነው ነገር ይህን በግልጽ አሳይቷል። በቀናት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ስንጥቅ ቅልጥ አለት ከመሬት በታች ገብቶ፣ ግራና ቀኙን እስከ 8 ሜትር ድረስ አራራቀው። ይህ ሁሉ ከሥር ሲካሄድ በላይ የታየው ግን ዳ ኡሬ በሚባል ስፍራ በተከፈተ ጉድጓድ የወጣ አመድና ፑሚስ ብቻ ነበር። ባዛልቱ በጥልቅ ሲያልፍ፣ ለብዙ ዘመን ተቀምጦ የቆየውን ሲሊካ የበዛበትን ቅልጥ ነካክቶ አስወጣው። በአንድ ሰሞን፣ በአንድ ስፍራ፣ ሁለቱም ዓይነት።

አሁን ወደ ሃይሊ ጉቢ እንምጣ። ጋሻ መሰል የሚለው ስያሜ ተራራው እስከ ዛሬ የተገነባበትን ላቫ ይገልጻል፤ ቀጣዩ ፍንዳታ ምን እንደሚመስል ዋስትና አይሰጥም። ሃይሊ ጉቢ ከዚያ በፊት መፈንዳቱ በታሪክ ተመዝግቦ አይታወቅም። በሰንሰለቱ ላይ ጎረቤቱ የሆነው ኤርታ አሌ ቢያንስ ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ ክፍት የላቫ ሐይቅ ስለነበረው ጋዙን እያስተነፈሰ ኖሯል። ለዘመናት ተዘግቶ የኖረ አፍ ግን ጋዙን አምቆ ይይዛል። ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ኤርታ አሌ ሲፈነዳ ቅልጥ አለት ከመሬት በታች ወደ ሃይሊ ጉቢ አቅጣጫ ገብቶ ነበር፤ ከአራት ወር በኋላ የሆነውን ሁላችን ሰምተናል። መምህር፣ ለተማሪዎችዎ «ጋሻ መሰል ይፈስሳል፣ ድርብርብ ይፈነዳል» ከማለት፣ «ይህ ተራራ ምን ዓይነት ቅልጥ አለት፣ ምን ያህል ጋዝ፣ ምን ዓይነት መውጫ አለው?» ብለው እንዲጠይቁ ቢያስተምሯቸው ይሻላል የሚል እምነት አለኝ።

ኦፓል ዘደላንታ (ደሴ፣ ነጋዴ)

ባለሙያው ከፈቀዱልኝ አንድ ጥያቄ አለኝ። በደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ፣ የኦፓል ቆፋሪዎች የሚገቡት በገደሉ ወገብ ላይ ባለ አንድ ስስ ንብርብር ብቻ ነው፤ ከላዩም ከታቹም ቢቆፈር ምንም አይገኝም። ንብርብሩ ጥቁር ድንጋይ አይደለም፤ ግራጫና ሸክላ የሚመስል ነው። ልጆቹ ሕይወታቸውን ለአደጋ ሰጥተው በገመድ የሚወርዱት ለዚያች ንብርብር ነው። ሁሉም ባዛልት ከሆነ እሷ ከየት መጣች?

ሐረጎ

የጎርፍ ባዛልቱ ዘመን ወደ ማብቂያው ሲቃረብ፣ ቅድም እንዳልኩት በጥልቅ ተቀምጦ የበሰለው ራዮላይት በታላላቅ ፍንዳታዎች ወጣ። እንዲህ ያለ ፍንዳታ የጋለ አመድ፣ ፑሚስና ጋዝ አንድ ላይ ሆነው ተዳፋቱን ይዘው እንዲጋልቡ ያደርጋል፤ ያረፈበትን ሸለቆ ሞልቶ ሲረጋ የሚፈጠረው ድንጋይ ኢግኒምብራይት ይባላል። በደላንታ ገደል ኦፓል የሚገኝበት ንብርብር የዚህ ወገን ነው። የአመዱ ጥቃቅን መስታወት በውሃ ሲበሰብስ ሲሊካው ይሟሟና በየቀዳዳው ውስጥ ደግሞ ይረጋል፤ ኦፓል ያ ነው። የእርስዎ ንግድ በአንድ ጥንታዊ ፍንዳታ ላይ የቆመ ነው ማለት ይቻላል፤ ቆፋሪዎቹም የሚያሳድዱት ያንን አንድ ንብርብር ብቻ መሆኑ ትክክል ነው።

አንባቢ ከወረኢሉ መንገድ

በዚሁ አጋጣሚ የእኛን አገር ልጨምር። ከደሴ ወደ ወረኢሉ ስንሄድ የምናልፈው፣ ብርዱ የታወቀው ጉጉፍቱ፣ ከጎርፍ ባዛልቱ በኋላ በላዩ የተገነባ ጋሻ መሰል እሳተ ገሞራ ቅሪት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዕድሜው 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በጎጃም ያለው ጮቄም የዚያው ዘመን አቻው ነው። ተማሪዎቹን ጦሳ ላይ ካሳዩ በኋላ ወደዚያ ቢወስዷቸው ሁለቱን ማነጻጸር ይችላሉ።

ሐረጎ

መልካም ጭማሪ ነው። ራስ ዳሸንን የያዘው የሰሜን ተራራም በተመሳሳይ የጋሻ መሰል እሳተ ገሞራ ፍርስራሽ ነው፤ ጫፎቹና ገደሎቹ እንደ መጋዝ ጥርስ የሾሉት ዝናብና ወንዝ በሚሊዮን ዓመታት ስለቆረጡት ነው። ከሩቅ ላየው ሰው ከፈንታሌ ይልቅ አስፈሪው እሱ ነው፤ ሕይወት ያለው ግን ፈንታሌ ነው። ቅርጽን ብቻ አይቶ መፍረድ የት እንደሚያደርስ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በአገራችን ያለ አይመስለኝም።

ባቲ ሰኞ

እኛ ከእናንተ ወደ አፋር ቀረብ ብለን ነው የምንኖረው። ቅርጹም ዓይነቱም ደግ ነው፤ እናቴ የምትጠይቀኝ ግን «መሬት በተንቀጠቀጠ ቁጥር እሳት ሊወጣ ነው?» ብላ ነው። ባለፈው ዓመት የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ ጊዜ ቤት ውስጥ መተኛት ፈርታ ነበር። ምን ልበላት?

ሐረጎ

እናትዎን አብሽሪ ይበሉልኝ። መንቀጥቀጥ ሁሉ የእሳተ ገሞራ ምልክት አይደለም። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተ ደቡብ በካራ ቆሬ የደረሰው ከባድ መንቀጥቀጥ ማጀቴን ሲያፈርስ አንድ ጠብታ ላቫ እንኳ አልወጣም፤ ያ የዳርቻው ስብራት ሲንሸራተት የተፈጠረ ነው። በእኛ በደቡብ ወሎ ከእሳተ ገሞራ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው ይኸው ስብራትና በክረምት የሚከተለው የመሬት መንሸራተት ነው። በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን ተራራ መካከል ግን በ2017 ዓ.ም. ቅልጥ አለት በእርግጥ ከመሬት በታች ስንጥቅ እየከፈተ ሲገባ ነበር፤ የካቲት 7 ቀን የደረሰው መንቀጥቀጥ መጠኑ 6.0 ነበር። በታኅሣሥ መጨረሻ በዶፈን የታየው እንፋሎትና ጭቃ የጋለ የከርሰ ምድር ውሃ እንጂ ላቫ አልነበረም፤ ቅልጡም ወደ ላይ ሳይወጣ ቀርቷል።

ለባቲ ሰው ከአፋር ሊመጣ የሚችለው አመድ ነው፤ እሱም እንደ ነፋሱ አቅጣጫ ነው፤ በኅዳሩ ፍንዳታ ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ስለወሰደው በቅርብ የተጎዱት በአፍዴራ በኩል ግጦሻቸው በአመድ የተሸፈነባቸው አርብቶ አደሮች ናቸው። አመድ ከወደቀ አፍንጫን በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን፣ የውሃ ማጠራቀሚያን መክደን፣ ከብቶችን ከተሸፈነው ሣር ማራቅ ያስፈልጋል፤ አመዱ የተፈጨ መስታወት ስለሆነ ጥርሳቸውንም ሆዳቸውንም ይጎዳል።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ

ጋሼ፣ የመጨረሻ ጥያቄ። ካልዴራ የሚባለው ከተራ የእሳተ ገሞራ አፍ በምን ይለያል? የቢሾፍቱ ሐይቆችስ ከየትኛው ይመደባሉ?

ሐረጎ

ተራው አፍ ቅልጡ የሚወጣበት ጉድጓድ ነው። ካልዴራ ግን የሚፈጠረው ከሥር ያለው ማከማቻ ብዙ ቅልጥ በአንድ ጊዜ ሲያወጣ፣ ጣሪያው ደግፎ የሚይዘው አጥቶ ወደ ውስጥ ሲሰምጥ ነው፤ ስለዚህ ስፋቱ በኪሎ ሜትር ይቆጠራል። ፈንታሌ በአናቱ ላይ አለው፤ የወንጪ ሐይቅም የተኛው በካልዴራ ውስጥ ነው። የቢሾፍቱዎቹ ከሁለቱም የተለዩ ናቸው። ወደ ላይ ሲወጣ የነበረ ቅልጥ አለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ መሬቱን ከፍቶታል፤ በዙሪያቸው ተራራ ሳይሆን ዝቅተኛ የፍርስራሽ ግንብ ብቻ የሚታየው ለዚህ ነው፤ በኋላም ጉድጓዱን ያው የከርሰ ምድር ውሃ ሞላው።